ደራርቱን ከወንዶቹ ጋር አሰልፈናት ቢሆን ኖሮ

መርካቶ ገብታችሁ «ጎልፍ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚጠቁሟችሁ ወደ ሶማሌ ተራ ነው። «የስንት ዓመተ ምሕረት ሞዴል? የፊት መብራቱን ነው ወይስ የኋላውን?» ይሏችኋል። ዱላ ይዞ ትንሽ ነጭ ኳስ ጉድጓድ ውስጥ የሚከት የመርካቶ ልጅ እኔ እስከማውቀው የለም፤ ቢኖርም የሚለማመድበት ሣር ከየት ይመጣል? ለእግር ኳስ የሚሆን ቦታ ጠፍቶ ልጆቹ በሁለት ሱቅ መካከል ግብ የሚተክሉበት ሰፈር ነው።

ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ከሲኒማ ራስ ብዙም በማይርቅ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያጨቃጨቀን ይኸው ጎልፍ ነው ብላችሁ ማን ያምናል? የሄድነው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ልናይ ነበር። ጨዋታው እስኪጀምር ልጁ ቻናል ሲቀያይር ወንዶችና ሴቶች በአንድ ሜዳ ጎልፍ ሲጫወቱ ድንገት ታዩ። «እዚያ ጋ ተወው!» አለ አንዱ። ሴቷ ከወንዱ ቀደም ካለ መነሻ ላይ ቆማ መታች።

«ይሄማ ጉርሻ ነው! ከፈለገች ከኛ እኩል ትምታ!»

«ጉርሻ አይደለም፤ ሚዛን ነው» አለ እህል በረንዳ የሚሠራ ጎልማሳ። «እህል ስትገዛ የጆንያውን ክብደት አትቀንስም?»

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ጊዮርጊስና ቡና ቢሆን እንዲህ አይለይም። በር ላይ ቡና የምታፈላው ሴት ረከቦቷን እያስተካከለች «እናንተ፣ እኔ እዚህ መርካቶ ከወንዱ ጋር ቦታ ስሻማ ማነው መነሻውን ያስጠጋልኝ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ጨዋታው ተጀመረ፤ ክርክሩም በዚያው ቀረ። እኔን ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። የዛሬው ርዕሰ አንቀጻችንም ከዚያ የመጣ ነው። ወንድና ሴት በስፖርት አብረው ይወዳደሩ ወይስ ለየብቻ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎልፉ እንጀምር። በ2003 የዓለም ሴት ጎልፈኞች ቁንጮ የነበረችው ስዊድናዊቷ አኒካ ሶረንስታም ቴክሳስ ውስጥ በሚካሄደው የኮሎኒያል ውድድር ከወንዶቹ ጋር ተሰለፈች። በአሜሪካ የወንዶች ዋና ውድድር ላይ ሴት ስትጫወት ከ1945 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበረች። ቪጃይ ሲንግ ቦታዋ እዚያ እንዳልሆነ በአደባባይ ተናገረ፤ በውድድሩም ላይ አልተገኘም። አኒካ መነሻ አላስጠጋችም፤ ወንዶቹ ከቆሙበት ቆማ መታች። በሁለቱ ቀናት 71 እና 74 አስመዝግባ ማጣሪያውን ሳታልፍ ተሰናበተች። በቀጣዩ ዓመት ታዳጊዋ ሚሼል ዊ ሃዋይ ላይ ሞከረችው፤ በአንዲት ምት ብቻ ወደቀች። አንዲት ምት!

ወሬው ያኔ «አየህ፣ አልቻሉም» በሚል ተዘጋ። ነገር ግን በ2022 ስዊድን ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ወንዶችና ሴቶች በአንድ ሜዳ፣ ለአንድ ዋንጫ የሚጫወቱበት ውድድር ነበር፤ ልዩነቱ የሴቶቹ መነሻ ቀደም ማለቱ ብቻ ነው። ሊን ግራንት የተባለች የ22 ዓመት ወጣት ወንዶቹንም ሴቶቹንም በ9 ምት ልዩነት ጥላቸው ሄደች። ያ መነሻ ባይጠጋ ኖሮ ማን መሆኗን ማን ያውቅ ነበር? የእህል በረንዳው ሰውዬ ትክክል ነበር ማለት ነው። ጆንያው ሲቀነስ እህሉ ታየ።

ጎልፍ ግን ለዚህ የተመቸ ጨዋታ ነው። ኳሷ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ የሚገፋህ፣ ማሊያህን የሚጎትት፣ ከኋላ የሚጠልፍህ ሰው የለም። የምትጫወተው ከሜዳው ጋር ነው። መነሻውን ሃያ ሠላሳ ሜትር ወደፊት አምጥተህ ማመጣጠን ይቻላል። በእግር ኳስ ምኑን ታስጠጋለህ? ሴቷ ስትሻማ ተከላካዩን «አንተ ትንሽ ዝለል» ትለዋለህ?

በኳሱም ያልተሞከረ ነገር የለም። ያ ጉደኛ የፔሩጂያ ፕሬዚዳንት ሉቺያኖ ጋውቺ በ2003 ጀርመናዊቷን ቢርጊት ፕሪንዝን ለወንዶቹ ቡድን ሊያስፈርም ተነስቶ ነበር፤ እሷ አስባበትና አልፈልግም አለች። በ2004 ደግሞ ሜክሲኳዊቷ ማሪቤል ዶሚንጌዝ ለሁለተኛ ዲቪዚዮኑ ሴላያ ልትጫወት ስትል ፊፋ በሩን ዘጋ። ፊፋ እንዲህ ቢልም በ2020 የሆላንድ ፌዴሬሽን ኤለን ፎኬማ የተባለች የ19 ዓመት ልጅ በመንደሯ ክለብ ከወንዶቹ ዋና ቡድን ጋር እንድትጫወት ለሙከራ ፈቀደ። ልጅቷ ከነዚያው ልጆች ጋር ከሕፃንነቷ ጀምሮ አብራ የተጫወተች ናት። ከታዳጊዎች ዕድሜ ስታልፍ በደንቡ መሠረት መለየት ነበረባት፤ እሷም ጓደኞቿም እምቢ አሉ። ልብ በሉ፣ ይህ የመንደር ክለብ ነው፤ አያክስ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ ከኢትዮጵያዊ በላይ የሚመለከተው ሰው የለም።

ባርሴሎና፣ 1992። የ10 ሺህ ሜትር የሴቶች ፍጻሜ። ደራርቱ ቱሉ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ኋላ ተለጥፋ ቆይታ በመጨረሻው ዙር ስትፈተለክ ያየ ሰው እስከ ዛሬ ሲያወራው ድምፁ ይቀየራል። በ31 ደቂቃ ከ06 ሴኮንድ ገባች። ከሞስኮው ምሩጽ ይፍጠር በኋላ ለ12 ዓመት ወርቅ ያላየችው አገር ወርቅ አየች፤ ጥቁር አፍሪካዊት ሴትም ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነች። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶቹን 10 ሺህ ሞሮኳዊው ኻሊድ ስካህ ያሸነፈው በ27 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ነው። እንግዲህ «እኩልነት ከሆነ አብረው ይሩጡ» ብለን አንድ ላይ አሰልፈናቸው ቢሆን ኖሮ ስካህ ሲገባ ደራርቱ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ይቀራት ነበር። ሜዳሊያው ቀርቶ ስሟንም አንሰማም። ያቺን በባንዲራ ተጠቅልላ፣ ከማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ የዞረችውን ልጅ አናውቃትም ነበር።

ሒሳቡን ቀጥሉበት። ባርሴሎና ላይ ከሷ ሌላ ወርቅ አላገኘንም። ለንደን 2012 ላይ ያገኘናቸው ሦስት ወርቆች በሙሉ የሴቶች ናቸው፤ ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺህ፣ ቲኪ ገላና በማራቶን፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ። ሪዮ 2016 ላይ አንድ ወርቅ፣ እሱም የአልማዝ አያና። ወንዶቹ በነዚያ ሁለት ኦሊምፒኮች ብርና ነሐስ ይዘው ተመልሰዋል። ማለትም ሁለቱ ፆታዎች በአንድ መስመር ቢሮጡ ኖሮ ከለንደንና ከሪዮ ያለ ወርቅ በተመለስን፤ በቦሌ መንገድ ላይ ግልብጥ ብለን የምንወጣበት ምክንያትም ባልኖረን። ሴቶቹ ለብቻቸው መሮጣቸው ውለታ አይደለም። የስፖርቱ ግማሽ የቆመበት መሠረት ነው።

ይህን ስል ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ «እና ትዕግሥት አሰፋስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይጠይቅ፤ ጥያቄው ደግሞ የዋዛ አይደለም።

ትዕግሥት በ2023 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ስትገባ የቀድሞውን የብሪጂድ ኮስጌይ ክብረ ወሰን በ2 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ነው የጣለችው። በማራቶን እንዲህ ያለ ቁራጭ አይቆረጥም፤ የሚሸራረፈው በሴኮንድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የ800 ሜትር ሯጭ እንደነበረች፣ ሪዮ ላይም በዚያው ርቀት እንደተሰለፈች ስታስቡት ነገሩ የበለጠ ይገርማል። እግሯ ላይ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ ነበር። (ዋጋውን መርካቶ ላለ ጫማ ነጋዴ ስነግረው «ለሁለቱም እግር ነው?» ብሎኛል።)

ግን በርሊን ላይ ወንድና ሴት የሚነሱት አብረው ነው። ትዕግሥት መሐላቸው ሆና፣ ፍጥነቱን የሚጠብቁላት፣ ነፋሱን ደረታቸው ላይ የሚቀበሉላት ወንድ አሯሯጮች ይዛ ነው የሮጠችው። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ምንም ያጠፋችው የለም። ሆኖም ሴቶቹ ከወንዶቹ ቀድመው በሚነሱበት ለንደን ላይ በ2025 ራሷ ትዕግሥት የሴቶች ብቻ የሚባለውን ክብረ ወሰን ስትሰብር የገባችው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ነው። አንዲት ሯጭ፣ ሁለት ክብረ ወሰን፣ በመካከሉ ወደ 4 ደቂቃ የሚጠጋ ልዩነት። መንገዱም፣ አየሩም፣ ዓመቱም ስለሚለያይ ሁሉንም በአሯሯጭ ማላከክ አይቻልም። አሯሯጭ ግን አሯሯጭ ነው፤ አንድ ሰው ከፊትህ ነፋስ ሲከላከልልህና ሰዓት ሲጠብቅልህ ምን ያህል እንደሚቀል ሎንቺና ተከትሎ ብስክሌት የነዳ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2011 ሊያስተካክል ሞክሮ ነበር፤ አሞከራከሩ ግን ቀሽም ነበር። ከወንዶች ጋር የተሮጠ የሴቶች የጎዳና ሰዓት ክብረ ወሰን አይባልም ብሎ ወሰነና የፓውላ ራድክሊፍን የ2003 የ2:15:25 ሰዓት ከማዕረጉ ሊያወርደው ተነሳ። ደንብ ወደ ኋላ ሲሠራ የት አገር ነው የታየው? ጩኸቱ ሲበዛ ወራት ሳይቆይ አጠፈውና ሁለት መዝገብ አስቀመጠ፤ አንዱ ለድብልቅ ውድድር፣ አንዱ ለሴቶች ብቻ። በ2017 ለንደን ላይ ሜሪ ኬይታኒ 2:17:01 ስትገባ፣ ጥሩነሽም በ2:17:56 ስትከተላት የተመዘገበው በዚህ በሁለተኛው መዝገብ ነው።

የኛ አቋም ምንድን ነው? ሁለቱም መዝገብ ይኑር፤ ግን ክብሩ ይገላበጥ። ዛሬ ጋዜጣው፣ ሬዲዮኑ፣ እኛም ጭምር የምናገነው ድብልቁን ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ያማልላል። የሴቷን አቅም በትክክል የሚመዝነው ግን ማንም ነፋስ ያልከለከለላት ሩጫ ነው። አልማዝ አያና ሪዮ ላይ ለ23 ዓመት ያልተነካውን የዋንግ ጁንዢያ ክብረ ወሰን 29:17.45 በሆነ ሰዓት ስታፈርሰው ከፊቷ የሚያስሮጣት ወንድ አልነበረም። ትዕግሥትም ብትሆን የ2025ቱ ለንደን ከበርሊኑ ያነሰ ውጤት አይደለም፤ ለኔ እንደውም ይበልጣል። የማይስማማ ካለ ይጻፍልን፣ እናወጣዋለን።

ሌላም ጣጣ አለ። በ2024 ቺካጎ ላይ፣ ድብልቅ በሆነ ውድድር፣ ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች 2:09:56 ገባች። በ2025 ደግሞ በአበረታች ንጥረ ነገር ምክንያት ለሦስት ዓመት ታገደች። የተሰረዘው ከናሙናው ቀን፣ ከመጋቢት 2025 ወዲህ ያለው ውጤቷ ስለሆነ የቺካጎው ሰዓት አልተነካም። የትዕግሥት የበርሊን ሰዓት ከዚያ ሰዓት ሥር ወድቋል፤ ሐበሻ ሲጨሰው ይገባኛል። የለንደኑን ግን የቺካጎው ሰዓት አይነካውም፤ ሁለት መዝገብ መኖሩ ለኛም ይበጃል የምለው አንዱ ለዚህ ነው።

አብሮ መሮጥ ሁሉ መጥፎ ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ታላቁ ሩጫ በ2001 ሲጀመር 10 ሺህ ሰው በአንድ መንገድ ወጣ፤ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም። አሸናፊዎቹ ግን ሁለት ነበሩ፤ ኃይሌ ገብረሥላሴና ብርሃኔ አደሬ። መንገዱ አንድ፣ ዋንጫው ሁለት። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ «ቅድሚያ ለሴቶች» የሚባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ መጣ፤ «ለምን እኛስ?» ብለው ያለቃቀሱ ወንዶች ትዝ ይሉኛል። በአገር አቋራጭም ሁለት ወንድና ሁለት ሴት አንድ ቡድን ሆነው እየተቀባበሉ የሚሮጡበት ድብልቅ ውድድር በ2017 ካምፓላ ላይ ተጀምሯል። ያኔ ብር አገኘን፤ በ2019 አርሁስ ላይ ወርቁን ወሰድን። እንዲህ ያለው ቅልቅል ይመቸኛል፤ ሴቷ የወንዱ ተቀናቃኝ ሳትሆን የቡድን ጓደኛው ናት፤ እሷ ካልሮጠች እሱ ሜዳሊያ የለውም።

አሁን ግን ነገሩ ወደሚያመኝ ቦታ ልምጣ። «ሰውነታቸው ይለያያል» የሚለው እውነት ቶሎ ብሎ ወደ ሰበብ ይቀየራል። በ1920 የገና ማግስት ሊቨርፑል ከተማ፣ የኤቨርተን ሜዳ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ዲክ ኬር ሌዲስ የሚባሉ የፋብሪካ ሴቶች ሲጫወቱ 53 ሺህ ሰው ገብቶ ነበር። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1921፣ የእንግሊዝ ፌዴሬሽን እግር ኳስ ለሴት አይሆንም ብሎ ሴቶችን ከክለቦቹ ሜዳ አባረረ። እገዳው የተነሳው በ1971 ነው። ሃምሳ ዓመት! እነዚያ ሴቶች ከወንድ ጋር እንጫወት አላሉም። የራሳቸው ጨዋታ፣ የራሳቸው ተመልካች ነበራቸው። መለየቱ አልበቃ ብሎ በሩም ተዘጋባቸው።

የሰውነት ልዩነት በሌለበትስ? ሊዲያ ታፈሰ በዓለም ሴቶች ዋንጫ ያጫወተች፣ በአገር ቤትም የወንዶች ፕሪሚየር ሊግ የመራች ዳኛ ናት። የወንዶችን ጨዋታ የምትመራ ሴት የምትፈተነው በወንዶቹ የሩጫ ሰዓት ነው፤ መነሻ አይጠጋላትም። እሷ የኮሎኒያሏ አኒካ ናት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሊዲያ ማጣሪያውን ማለፏ ነው። በስታዲየም ስንት ጊዜ ምን ምን ሲባልባት እንደሰማን እናውቃለን፤ ያልነውም እኛው ነን። መሠረት ማኒም በ2015 የድሬዳዋን ወንዶች ቡድን ይዛ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳደገች። ለማሠልጠን ጡንቻ አያስፈልግም። ታዲያ ከሷ በኋላ ስንት ክለብ ለሴት አሠልጣኝ የወንዶች ቡድን ሰጠ? ጣታችሁን አጥፉና ቁጠሩ፤ ብዙ ጣት አትጨርሱም።

ከዚህም ይብሳል የመንደሩ ነገር። እሁድ፣ መርካቶ ሱቆች ሲዘጉ፣ የቆርቆሮው በር ግብ ይሆንና ልጆቹ ኳስ ይዘው ይወጣሉ። መሐላቸው አንድ ሁለት ሴት ልጆች አታጡም። አንዷን አውቃታለሁ፤ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ በግራ እግሯ ነው የምትጫወተው፣ ሲመራረጡ ሁልጊዜ መጀመሪያ ትጠራለች። በዚያ ዕድሜ የወንድና የሴት ልጅ አቅም ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለውም፤ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋው የሩጫ ልዩነት የሚመጣው ከጉርምስና በኋላ ነው። አባቷ በአካባቢው ወዳለ አንድ የሕፃናት ቡድን ይዟት ሄደ። «ሴት አንመዘግብም» ተባለ። «የሴቶች ቡድንስ?» ሲል «የለንም» ተባለ። ከወንዶቹ አትቀላቀልም፤ የራሷም የላትም። ይህ መለየት አይባልም፤ ማስወጣት ነው።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። እስከ 12 እና 13 ዓመት ያሉ ልጆች አብረው ይጫወቱ፤ የታዳጊ ቡድን የሚያቋቁም ሁሉ ሲመዘግብ ሴት ወንድ አይበል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ይለዩ፤ ሲለዩ ግን የሚሄዱበት ቡድን አስቀድሞ ይዘጋጅ። ቡድን ካለ ምን እንደሚሆን አይተናል። የንግድ ባንክ ሴቶች በ2024 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አልፈው ሞሮኮ ላይ ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲቀርቡ ወንዶቹ ክለቦቻችን ይህን ያህል ርቀት መሄድን በሕልም ነበር የሚያዩት። ስንቶቻችን ያንን ጨዋታ ዲኤስቲቪ ቤት ሄደን አየን? እኔም አላየሁም፤ ውጤቱን በማግስቱ ነው ያነበብኩት።

ትናንት ወደዚያው ቤት ተመልሼ ቡና ጠጣሁ። ሴትየዋን የጻፍኩትን ነገርኳትና እስቲ አንድ ቀን ገብተሽ ጨዋታ እዪ አልኳት። ባለቤቱ ከውስጥ ሰምቶ «መግቢያው ለወንድም ለሴትም እኩል ነው!» ብሎ ጮኸ። እሷም ሁለተኛውን እየቀዳች «ለዚህ ጊዜ እኩል ናችሁ» አለች።